ዋስ ሆናችሁ ከመፈረማችሁ በፊት

ሰሞኑን ወደ ቢሮአችን የሚመጡ ብዙ እናቶችና አባቶች የሚጠይቁን ስለ ሞተር ሳይክል ነው። ልጁ ውትድርናውን ጨርሶ ያገለገለ ትልቅ ሞተር ሳይክል መግዛት ይፈልጋል፤ አባቱ ለባንክ ብድሩ ዋስ እንዲሆን ይጠየቃል። ልጁ ባይከፍል ባንኩ የሚመጣው ወደ ዋሱ ነው።

አትፈርሙ አንልም። ነገር ግን ወጪው በመግዣው ዋጋ አያበቃም። ቢቱዋሕ ሖቫ የሚባለው የግዴታ ኢንሹራንስ ለሞተር ሳይክል ከመኪናው በጣም ይወደዳል፤ ሻጩ ዘንድ ሳይሄድ ዋጋውን ይጠይቅ። የሚሸፍነውም የአካል ጉዳትን ብቻ ነው፤ ለተገጨ መኪና ማሠሪያ ሌላ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። በ1975 በወጣው የመንገድ አደጋ ካሣ ሕግ መሠረት ያለ ግዴታ ኢንሹራንስ የነዳ ሰው ራሱ ቢጎዳ ካሣ አያገኝም። መንጃ ፈቃዱንም እዩ፤ ከ35 ኪሎዋት በላይ ኃይል ላለው ሞተር 21 ዓመት መሙላትና ኤ1 ፈቃድ አንድ ዓመት መያዝ ግድ ነው።

ለረጅም መንገድ የተሠሩት ፈጣን ሞተሮች፣ ለምሳሌ ሆንዳ ቪኤፍአር 800፣ ዓይን ይስባሉ፤ አንክድም። ጎናቸው ግን በፕላስቲክ የተሸፈነ ስለሆነ መካኒኩ ሞተሩን ለማየት መጀመሪያ ይህን ይፈታል፤ ለዚህም ሰዓት ይከፈላል። ካቴናው በየጊዜው ተጠርጎ ዘይት ይቀባል። ያማሃ ኤፍጄአር 1300 በዘንግ ስለሚሄድ ከካቴና ጣጣ ነፃ ነው። ጎማው ከመኪና ጎማ ቶሎ ያልቃል።

ልጁ ይህን ሁሉ፣ ካስዳውንና ጓንቱንም ጨምሮ፣ በወር ስንት እንደሚያስወጣው ጽፎ ያሳያችሁ። ወረቀቱንና የብድሩን ውል ይዛችሁ ኑ፤ ዕብራይስጡን አብረን እናነብበዋለን።