ብቻውን የቀረ ገንፎ

እህልን ከጥራጥሬ ማጣመር ለኢትዮጵያ ማጀት አዲስ ትምህርት አይደለም። እንጀራው ሽሮ፣ ምስር ወይም ክክ ወጥ ይፈስበታል፤ ንፍሮው ስንዴና ባቄላ፣ ቆሎው ገብስና ሽምብራ ነው። ይህ ጥበብ የሚጎድለው የሕፃኑ ገንፎ ላይ ሲደረስ ነው። የበቆሎ ወይም የገብስ ዱቄት ብቻውን ይገነፋል፤ አቅም ያለው ቅቤ ጣል ያደርግበታል። ቅቤ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል። ትልልቆቹ እህሉ ያጎደለውን ከወጡ ያገኛሉ፤ ስድስት ወር የሞላው ልጅ ግን ወጥ የለውም። ስለዚህ ጥራጥሬው ዱቄቱ ውስጥ መግባት አለበት።

ምክንያቱ ላይሲን የሚባል አሚኖ አሲድ ነው። ሰውነት ራሱ አይሠራውም፤ በበቆሎና በስንዴ ፕሮቲን ውስጥ ደግሞ አነስተኛ ነው። እሱ ሲያጥር ሌሎቹ አሚኖ አሲዶች ቢተርፉም ለዕድገት አይውሉም። ሽምብራ፣ አተርና ምስር ላይሲን ሞልቷቸዋል፤ እነሱ የሚያንሳቸውን ሜታዮኒን ደግሞ እህሉ ያሟላል። በ100 ግራም የበቆሎ ዱቄት ውስጥ 9 ግራም ያህል፣ በሽምብራ ውስጥ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለ። በሦስት እጅ በቆሎ ላይ አንድ እጅ ሽምብራ ቢታከል 12 ግራም ገደማ ይሆናል። ከመጠኑ ይልቅ ትልቁ ለውጥ ጥራቱ ላይ ነው።

በ2019 እ.ኤ.አ. የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 በመቶው መቀንጨራቸውን አሳይቷል። ጥፋቱ ሁሉ የገንፎ አይደለም፤ ንጹሕ ያልሆነ ውኃና ተደጋጋሚ ተቅማጥም አሉበት። ነገር ግን ሳህኑ በእጃችን ነው። በተለይ በጾም ወራት፣ ልጁ ባይጾምም የቤቱ ድስት አንድ በሚሆንበት ጊዜ፣ ወተትና እንቁላል ከቤት ሲጠፉ ጥራጥሬ አይጠፋም።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተዘጋጀው ፋፋ የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነበር፤ እህል፣ ጥራጥሬና የወተት ዱቄት። የፋብሪካ ምግብ ግን የሚደርሰው ለሚገዛው ነው።

እናቶች «ሆዱን ይነፋዋል» ሲሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ያልተዘፈዘፈና በቅጡ ያልበሰለ ጥራጥሬ ሆድ ይነፋል። መፍትሔው ሽሮ የሚያዘጋጅ እጅ የሚያውቀው ነው፤ መልቀም፣ አሳድሮ መዘፍዘፍ፣ ማድረቅ፣ ማመስ፣ መከካት፣ ገለባውን ማንሳት። አኩሪ አተር ከሆነ በተለይ በደንብ መታመስ አለበት፤ ጥሬው የፕሮቲንን መፈጨት ያግዳል። ጓያ ግን ፈጽሞ አይግባ፤ አዘውትሮ ሲበላ እግር ያሽመደምዳል። ገንፎው ለልጁ ከከበደውም ውኃ ማብዛት ምግቡን ያሳሳዋል። ትኩስ ሳለ ጥቂት የብቅል ዱቄት አማስሎ እንደገና ማፍላት ይሻላል፤ ውኃ ሳይጨመርበት ይቀጥናል።

ሽምብራ ከበቆሎ እንደሚወደድ አውቃለሁ። የሚያስፈልገው ግን ከአራት ጣሳ አንዱ ነው። ለልጅ ገንፎ ወደ ወፍጮ ቤት እህል የምትልኩ ሁሉ፣ ከሦስቱ ጣሳ ጋር አንድ ጣሳ የታመሰ የሽምብራ ክክ ጨምራችሁ ላኩ፤ ወፍጮውም በርበሬ የተፈጨበት እንዳይሆን አደራ።