ለጥገና ሰዓት ስለ መወሰን

በዛሬው ዘመን በወልድያና በመርሳ የመንግሥትም የባንክም ሥራ በኮምፒዩተር መስመር የሚካሄድ ሆኗል። እንዲህ ያለውን መስመር ሌሊትና ቀን የሚጠብቅ፥ ጉድለትም ሲደርስ ለባለሙያው የሚያስታውቅ የክትትል መሣሪያ አለ። ነገር ግን ያለ ጊዜው የሚጮኽ ዘበኛ የሚያምነው አያገኝም። ለክትትሉ መሣሪያ የጥገናው ሰዓት አስቀድሞ ካልተነገረው፥ ጥገናው ጥፋት መስሎት ሲጮኽ ያድራል፤ ባለሙያውም ጩኸቱን ለምዶ ይንቀዋል። እውነተኛው ጥፋት በመጣ ጊዜ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ዳሩ ግን የክትትሉን ዓይን በሙሉ መጨፈን የባሰ ነው። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች፥ ይልቁንም ተማሪዎች፥ ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ አወጡ፤ ብሔራዊ ባንክም ጉድለቱ በጥገናና በፍተሻ ሥራ ላይ የደረሰ መሆኑን ገለጠ። የገንዘቡን ዝውውር ለማስቆም ብዙ ሰዓት ፈጅቷል። ስለዚህ ዝም ማለት የሚገባው የሚጠገነው ክፍል ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ በጥገናው ሰዓት አብልጦ ይጠበቅ።

ሁለተኛው ነገር የሰዓት አቆጣጠር ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የምንለውን መሣሪያው 2 ሰዓት ብሎ ይጽፈዋል፤ በዓለም አቀፉ ሰዓት የተቃናው ደግሞ የዋዜማውን 23 ሰዓት ይለዋል። የሀብሩ ወረዳ ሠራተኛ ይህን 2 ሰዓት የጠዋቱ መስሎት ቢሳሳት፥ ባለጉዳይ በደጅ ተሰልፎ ሳለ መስመሩ ይቋረጣል። ስለዚህ ቀኑም ሰዓቱም በሁለቱ አቆጣጠር ይጻፍ።

ቀንም መምረጥ ይገባል። የልደት በዓል ሲቃረብ ወደ ላሊበላ የሚሄደው ምእመን ብዙው በወልድያ ያልፋል፤ በዚያ ሰሞንና በገበያ ቀን ጥገና ባይደረግ ይሻላል። የጥገናውም ሰዓት መጀመሪያ እንዳለው መጨረሻ ይኑረው፤ ሥራው ባይሳካ ወደ ነበረበት የሚመለስበት መንገድ አስቀድሞ ይሰናዳ።

ከሁሉ በላይ ግን ለሕዝቡ ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ወልድያ ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ተይዛ ሳለች መብራትም ስልክም ባንክም ጠፍቶባት ነበር። ያን ያየ ሰው መስመር በድንገት ሲቋረጥበት የሚያስበው ጥገናን አይደለም። አንዲት አጭር ማስታወቂያ ይህን ሥጋት ታስቀራለች፤ እርሷን መንፈግም ለማንም ባለሥልጣን የሚገባ አይደለም።