መጽሐፉ ስሙን ይመስላልን?

ባለፈው ሳምንት ከተማሪዎቼ አንዱ በጋዜጣ የተለበጠ መጽሐፍ ይዞ ወደ እኔ መጣ። ደብተርን በጋዜጣ መለበጥ የተለመደ ነውና ነገሩ አላስገረመኝም። ገልጬ ባየው ግን ከውስጥ በእንግሊዝኛ «የሽብር ንባቦች» የሚል ርእስ አገኘሁ። ልጁም አፍሮ፥ «መምህር፥ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ ነው፤ ነገር ግን አባቴ ስሙን ያዩ እንደ ሆነ ምን ይሉኛል ብዬ ሸፈንሁት» አለኝ። አባቱ በአብነት ትምህርት ያደጉ ሰው ናቸው።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። የመጽሐፍን ስም ግን ማን ያወጣዋል? አንዳንድ ጊዜ ደራሲው፥ አንዳንድ ጊዜ አንባቢው፥ አንዳንድ ጊዜም ነጋዴው ነው። ስለዚህ እንግዳ ስም ባየን ጊዜ ልንጠይቅ የሚገባን ስሙ ያስደነግጣል ወይ ብለን ሳይሆን፥ ስሙ እውነት ይናገራል ወይ ብለን ነው።

ምሳሌ ልስጥህ፤ ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ያዝልኝ። በ13ኛው መቶ ዓመት ቶማስ አኵዊናስ የተባለው የምዕራብ ሊቅ የቀደሙትን አበው ቃል በየጥቅሱ እያያያዘ አራቱን ወንጌላት ተረጐመ። «የወርቅ ሰንሰለት» የሚለውን ስም ያወጡለት ግን በኋላ የተነሡ አንባቢዎች ናቸው። እርሱ ራሱ ብሎት ቢሆን ትምክሕት በሆነበት ነበር፤ ሌሎች ቢሉት ግን ምስጋና ሆነለት።

በአውሮፓ የነበሩ አይሁድም በዪዲሽ ቋንቋ የተጻፈ «ውጡና እዩ» የሚባል መጽሐፍ አላቸው። እስከ ዛሬ ከተገኙት እትሞች ቀደምቱ የ1622 ነው። ስሙ የተወሰደው ከመኃልየ መኃልይ፥ የጽዮን ሴቶች ልጆች ከተጠሩበት ስፍራ ነው። ዕብራይስጥ ያልተማሩ ሴቶች በሰንበት እየተሰበሰቡ ኦሪትን የሚማሩበት መጽሐፍ ነበርና፥ ስሙ ጥሪም በርም ሆነላቸው።

ስሙ ዕዳ የሆነበት መጽሐፍ ደግሞ አለ። ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ኬዲ ስታንተን የተባሉት አሜሪካዊት ለሴቶች የምርጫ መብት ዕድሜያቸውን የታገሉ ናቸው። በ1895፥ የ80 ዓመት ባልቴት ሳሉ፥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆነው «የሴቶች መጽሐፍ ቅዱስ» የሚባለውን ሥራ የመጀመሪያ ክፍል አሳተሙ፤ ሁለተኛው በ1898 ወጣ። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው ሴቶቹ ለራሳቸው አዲስ መጽሐፍ ቅዱስ የጻፉ ይመስለዋል። ሥራው ግን ስለ ሴቶች የሚናገሩትን ክፍሎች እየመረጠ ሐተታ የሚሰጥ ነው። ሐተታውም ለስላሳ አይደለም፤ ሴት ዝቅ እንድትል እግዚአብሔር አዝዟል የሚለውን ትምህርት ፊት ለፊት ይቃወማል። በጥር 1896 እርሳቸው ራሳቸው ፕሬዚዳንት ሆነው የመሩት ማኅበር ከመጽሐፉ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው በ53 ድምፅ ለ41 ወሰነ። የረጅም ዘመን ወዳጃቸው ወይዘሪት ሱዛን አንተኒ በጉባኤው ተነሥተው ውሳኔውን ቢቃወሙም አልተሳካላቸውም።

በእኔ አስተያየት ስሙ ከሥራው በልጦ ጮኸ፤ ባለቤቲቱም ዋጋውን ከፈሉ። ዳሩ ግን በርእስ መጣላት መጽሐፉን አንብቦ መልስ ከመስጠት ይቀላል። በመሥሪያ ቤትስ ቢሆን የዶሴውን አርእስት ብቻ አይቶ «አይቻልም» ብሎ የሚመልስ ሰው አይገኝምን?

ወደ ተማሪዬ መጽሐፍ ልመለስ። ፊሊስ ትሪብል የተባሉት አሜሪካዊት ምሁር በ1984 ያሳተሙት ነው። የሚመረምረውም የአራት ሴቶችን ታሪክ ነው፤ ይኸውም ወደ ምድረ በዳ የተባረረችው አጋር፥ በወንድሟ የተደፈረችው ትዕማር፥ በመሳፍንት 19 ሌሊቱን ሙሉ የተሠቃየችው የሌዋዊው ቁባት፥ በአባቷ ስእለት የሞተችው የዮፍታሔ ልጅ ናቸው። እንግዲህ ፍረድ፤ ይህን ምን ብለው ሊሰይሙት ኖሯል? ሽብሩን ደራሲዋ አልፈጠሩትም፤ እኛ በጥድፊያ የምናልፈው ንባብ ውስጥ አገኙት። ይህ ስም እውነት ይናገራል።

ለልጁም እንዲህ አልሁት፤ «የአባትህ ትምህርት ከዚህ ስም የሚደነግጥ አይምሰልህ። የአገራችን ሊቃውንት ትርጓሜያቸውን የጠሩት ከአንዲት ትንሽ ቃል፥ ከ‹አንድም› አንሥተው ‹አንድምታ› ብለው ነው። መምህሩ አንድ ፍቺ ከሰጠ በኋላ ‹አንድም› ብሎ ሌላውን ያስከትላል። ይህ ትሑት ስም ነው፤ ግን ደፋርም ነው፤ የመጀመሪያው ፍቺ የመጨረሻው እንዳልሆነ ይመሰክራልና። ጋዜጣውን አንሣና የአጋርን ምዕራፍ ለአባትህ አንብብላቸው። ቢቃወሙህም አንብበው ይቃወሙህ።»

ልጁ እስከ ትናንት ጋዜጣውን አላነሣውም ነበር። አልነቀፍሁትም፤ በእርሱ ዕድሜ እኔም ብዙ መጽሐፍ ለብጫለሁ።

አንተ ግን፥ አንባቢዬ፥ ስሙ ያስቈጣህን መጽሐፍ ቢያንስ አንድ ምዕራፍ ሳታነብ አትጣለው፤ ስሙ ያስደሰተህንም አንድ ምዕራፍ ሳታነብ አትግዛው።