ከባለቤቱ ያወቀ

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ግን ዲግሪያችንን ይዘን ቢሮ ከገባን ወዲህ ይህን ተረት የዘነጋነው ይመስላል። አንድን የአረጋውያን መጦሪያ ሊቈጣጠር የሚሄድ ሹም ብዙውን ጊዜ የሚያየው ለእንግዳ የተጠረገውን ቤት ነው። አልጋው ተነጥፏል፤ መዝገቡ ተሞልቷል፤ ኀላፊውም ቡና አስፈልቶ ይጠብቀዋል። የቤቱን እውነት የሚያውቀው ግን እንግዳው ከሄደ በኋላ እዚያው የሚያድረው ሰው ነው።

ለዚህ በእንግሊዝ አገር የደረሰው ነገር በቂ ማስረጃ ነው። በብሪስቶል ከተማ አጠገብ ዊንተርቦርን ቪው በሚባል የግል ሆስፒታል የአእምሮ ዕድገት ችግር ያለባቸው ሕሙማን በጠባቂዎቻቸው ሲደበደቡና ሲዋረዱ የሚያሳይ፥ በስውር የተነሣ ፊልም ቢቢሲ በ2011 (እ.ኤ.አ.) አሳየ። ከነርሶቹ አንዱ አስቀድሞ ለተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት፥ ለእንክብካቤ ጥራት ኮሚሽን አመልክቶ ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኘም። በ2012 በዐሥራ አንድ ሠራተኞች ላይ ተፈረደ፤ ስድስቱም እስር ቤት ገቡ።

ከዚህ ጕድ በኋላ ኮሚሽኑ ይህን የመሳሰሉ 150 ቤቶችን ሲመረምር፥ ከተቈጣጣሪዎቹ ጋር ራሳቸው ተገልጋይ የነበሩ ሰዎችንና አስታማሚ ዘመዶችን አሰለፈ። ግማሽ ያህሉ ቤት ደንቡን ሳያሟላ ተገኘ። እነዚህን ረዳቶች «ኑሮ ያስተማራቸው ባለሙያዎች» ልንላቸው እንችላለን። ሥራቸው ከነዋሪው አጠገብ ተቀምጦ ማውጋት ነው። «ሌሊት ስትጣራ የሚደርስልህ አለ ወይ? ሳያንኳኳ የሚገባብህስ?» ብሎ መጠየቅን የሚያውቅበት፥ ራሱ የተኛበት ሰው ነው።

«ተገልጋይ ምን ያውቃል? ስሜቱ ያደላበታል» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ሒሳቡንና መድኃኒቱን የሚመረምረው ባለሙያ ቦታውን አይለቅም፤ አንዱ ዐይን ሌላውን አይተካም። ይልቅስ የሚያሠጋው ለታይታ መጥራት ነው። ሽማግሌውን ከኋላ አስከትሎ ቃሉን ከሪፖርቱ መፋቅ፥ ካለመጥራት የከፋ ነው። ስለዚህ ለድካሙ ይከፈለው፤ ቃሉ ይጻፍለት፤ በመናገሩም ክፉ እንዳይደርስበት ይጠበቅ።

እንግዲህ ወጣት ሹም ሆይ፥ ነገ ለቍጥጥር ስትወጣ ከኀላፊው ቢሮ በፊት ወደ አልጋው ዳር ሂድ። ጧሪ መፈለግ ለማናችንም አይቀርምና።