የወደቀችን እህት አታንሷት



መስኮት ሲያጸዱ፣ መጋረጃ ሲሰቅሉ፣ አንዳንዴም በር ተቆልፎባቸው በበረንዳ ሲወርዱ የወደቁ እህቶችን ሁላችንም እናውቃለን። እንዲህ ሲሆን ልማዳችን አንድ ነው፦ ሮጦ ብብቷን ይዞ ማንሳት፣ ውሃ ማጠጣት። ከደግነት ነው፤ ግን ይሄ ደግነት እግሯን ሊያሳጣት ይችላል።

በአከርካሪያችን ውስጥ ህብለ ሰረሰር የሚባል የነርቭ ገመድ አለ። የአንጎልን ትእዛዝ ወደ እጅና እግር የሚያደርሰው እሱ ነው። አጥንቱ ተሰብሮ ገመዱ ሊተርፍ ይችላል። ያኔ አንስተን ካጎበጥናት የተረፈውን እኛው እንጎዳዋለን።

የተረፈው ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። በስዊዘርላንድ ሎዛን ከተማ ግሬጓር ኩርቲን የተባለ ተመራማሪና ጆስሊን ብሎክ የተባለች የቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጡት ጥናት አለ። በብስክሌት አደጋ የተጎዳ አንድ ሆላንዳዊ አንጎሉ ላይና ህብለ ሰረሰሩ ላይ በተተከለለት መሣሪያ እየታገዘ፣ በክራንች ተደግፎ ተራመደ። የሰውየው ገመድ ግን ጨርሶ አልተበጠሰም ነበር። የተበጠሰን ገመድ መልሶ የሚቀጥል መድኃኒት እስካሁን የለም። «በመርፌ እናድናታለን» ብሎ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ቢመጣ መዋጯችንን አንስጠው።

እንግዲህ እህት ስትወድቅ ምን እናድርግ? እሳት ወይም ሌላ አደጋ ካልቀረበ በስተቀር ከወደቀችበት አናንቀሳቅሳት። ጭንቅላቷን በሁለት እጃችን ባለበት እንያዝ። ለማዳምም ለጎረቤትም «ማ ትሐርኩዋ!» (አታንቀሳቅሷት) እንበል። እዚህ ሊባኖስ ያለን 140 ደውለን ቀይ መስቀልን እንጥራ።

ደግሞም «ነገ ትነሳለች» ብሎ ክፍሏ ውስጥ የሚያስተኛትን አንስማ። እግሯ ከደነዘዘ፣ ሽንቷ አልመጣ ካለ ወይም ካመለጣት ጊዜ የለም። ገመዱን የተጫነውን አጥንት በ24 ሰዓት ውስጥ በቀዶ ሕክምና ማንሳት የተሻለ ውጤት እንዳለው ጥናቶች አሳይተዋል። የሆስፒታል ክፍያና የወረቀት ጣጣ በኋላ አብረን የምንጨነቅበት ነው፤ ያለፈው ሰዓት ግን አይመለስም።

ከሁሉም በፊት ግን ከመስኮት ውጭ ተንጠልጥላችሁ አትሥሩ። እንቢ ማለት ከባድ እንደሆነ እናውቃለን፤ እኛም እዚያው ቤት ውስጥ ነን። ቢሆንም መስኮት ቆሽሾ ቢውል የሚሞት ሰው የለም። ይህን ጽሑፍ ስልክ ላልተፈቀደላት እህት በቃል ንገሯት።