መጀመሪያ አሸተን ውጡ!

እኛ የአዲስ አበባ ልጆች አንድ አመል አለን። ስኮላርሺፕ አግኝተን አውሮፓ ስንገባ ድንገት የታሪክ ወዳጅ እንሆናለን። ቅዳሜ ፍሎረንስ፣ እሑድ ሮም፤ በየካቴድራሉ ደጅ ፎቶ። የአገሩን ምግብ እንቀምሳለን፣ ሰላምታውን እንለማመዳለን። ጥሩ ነው፤ ማን ይከለክላል? ግን ይሄ ሁሉ ጉጉት አገር ቤት ሳለን የት ነበር?

ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ ዓመታት ከቆየው የሸገር ልጅ ስንቱ ነው በጋሸና በኩል ላሊበላ የደረሰው? ከደረሰውስ ስንቱ ነው ቀና ብሎ አሸተን ማርያም የወጣው? "ወልድያ ደረሰኝ" ብሎ ያለቀሰውን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለእሱ ምደባ ቅጣት ነው፤ ዶርም፣ ካፌ፣ ክላስ፣ ከዚያ ለዕረፍት ወደ ቤት።

አሸተን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት። ትውፊቱ ከንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ጋር ያያይዛታል። የሚወጣው በእግር ወይም በበቅሎ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ላስታ ደርሶ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ሲያይ፣ ብጽፈው ማን ያምነኛል ብሎ ሠጋ። ቢሆንም ጻፈው፤ መጽሐፉም በ1540 ታተመ። እኛ ደግሞ የገዛ አገራችንን ከእንግዳ መጽሐፍ እናነባለን።

"ለትምህርት ብሎ አገር ማየት የፈረንጅ ፈሊጥ ነው" የሚል ካለ የቆሎ ተማሪን ይጠይቅ። ቅኔ ፍለጋ ዋድላ፣ ድጓ ፍለጋ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ፍለጋ ዙር አምባ። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየመከተ። በየደጁ ለምኖ ስለሚበላ የመንደሩን አነጋገርም፣ እህልም፣ ችግርም ያውቃል። እኛ በአውቶቡስ ደርሰን ያላየነውን እሱ በእግሩ አዳርሶታል።

"ሰላም የለም" የምትሉ እውነት አላችሁ። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ላሊበላ ገባ፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሳ። መንገዱ አደገኛ ሲሆን ማንም ሂድ አይባልም። ግን ከዚያ በፊት፣ መንገዱ ክፍት በነበረባቸው ዓመታት፣ ምን አገደን? ፈረንጁ ሲቀር በቅሎ አከራዩና አስጎብኚው ባዶ እጃቸውን የቀሩት እኛ ቀድሞም ደንበኛ ስላልነበርን ነው። ለገና የሚተመውን ምዕመን አልረሳሁም፤ እሱ ግን ብዙው ቀናት በእግሩ ተጉዞ የመጣ ገበሬ ነው። እኛ አይደለንም።

ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። የውጭው ትምህርት ቤት እንግዳ ተማሪውን ከተማውን አዙሮ ያሳያል፤ የእኛዎቹ የዶርም ቁልፍ ሰጥተው ይሸኛሉ። ከሌላ ክልል የመጣን ልጅ የተመደበበትን አገር ማስተዋወቅ የትምህርቱ አካል መሆን አለበት።

ፍሎረንስ የትም አትሄድም። መንገዱ ሰላም ሲሆን መጀመሪያ አሸተን ውጡ። ያኔ ፍሎረንስ ስትደርሱ ቢያንስ የምታወዳድሩት ነገር ይኖራችኋል።