«በዚህ እድሜ?» ባይባል

«ከአርባ በኋላ ሰውነት አይታዘዝም።» «ሁለት ልጅ ከተወለደ በኋላ ምን ይደረጋል!» «አባዬን በዚህ እድሜው ከምግብ ጋር አታጣሉት።» ከእነዚህ አንዱን ያልሰማ ቤት ያለ አይመስለኝም። ሦስቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ ክብደት መቀነስ የወጣት ጉዳይ ነው፤ እድሜ ከገፋ የሚቀረው መቀበል ብቻ ነው። ንግግሩ ከፍቅር የመጣ ይመስላል። ግን ስኳራቸው ከፍ ከፍ እያለ ያሉ ወላጆች ያላችሁ፣ ይህን ከመድገማችሁ በፊት አንዴ አስቡበት። በጥናት የታየው ወደ ተቃራኒው ያደላልና።

መጀመሪያ «ሜታቦሊዝሜ ወርዷል» የምንለውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2021 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በ29 አገሮች የሚኖሩ ከ6,400 በላይ ሰዎችን መረጃ ተመልክቷል፤ ከ8 ቀን ሕፃን እስከ 95 ዓመት አዛውንት። የሰውነት መጠን ታሳቢ ተደርጎ ሲሰላ፣ በቀን የምናቃጥለው ጉልበት ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ እምብዛም አይለወጥም። መቀነስ የሚጀምረው ከ60 በኋላ ነው፤ እሱም በዓመት ከ1 በመቶ በታች። እንግዲህ የአርባዎቹን ቦርጭ ሁሉ በእድሜ ማሳበብ አይቻልም። ቀኑን ሙሉ የምንቀመጥበት ወንበር፣ የእንቅልፍ ማነስና ማታ በሦስት ሰዓት የሚቀርበው ራትም ድርሻ አላቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ የበለጠ ያስገርማል። በአሜሪካ በተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው ትልቅ የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት 3,234 ሰዎች ተሳትፈዋል። ሁሉም የክብደት መጨመር የነበረባቸው፣ ስኳራቸው ከፍ ያለ፣ ግን ገና በሽታው ያልያዛቸው ነበሩ። አንዱ ቡድን ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት ወሰደ፤ ሌላው ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ተደገፈ። ለ80 ኪሎ ሰው 7 በመቶ ማለት አምስት ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ምንም መድኃኒት ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸር፣ በሽታው በመድኃኒት በ31 በመቶ፣ በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ደግሞ በ58 በመቶ ቀነሰ። ከ60 ዓመት በላይ በነበሩት ዘንድ ግን የአመጋገብና የእንቅስቃሴው ውጤት 71 በመቶ ደረሰ።

እነዚሁ ሰዎች ለዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ 5 በመቶ ከቀነሱት መካከል፣ እስከ 15ኛው ዓመት ድረስ ክብደታቸውን ዝቅ አድርገው የመቆየት ዕድላቸው የተሻለው በእድሜ ገፋ ያሉት ነበሩ። እርግጥ ነው፣ በአማካይ ሲታይ ከቀነሱት ላይ መልሰው ጨምረዋል። ያም ሆኖ ከ10 ዓመት በኋላ በአመጋገብና በእንቅስቃሴው ቡድን የታየው የስኳር በሽታ በ34 በመቶ ያነሰ ነበር። ልፋቱ ከንቱ አልቀረም።

ሙያዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ የክብደት መቀነሻ ማስታወቂያ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው የጎደለውን ነው። «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉ ሁለት ፎቶዎች አሉ። «ከአምስት ዓመት በኋላ» የሚል ሦስተኛ ፎቶ ግን አይታይም። የሚሸጠው ፍጥነት ነው፤ ፍጥነት ደግሞ ለሠርግ ልብስ የሚቸኩል ወጣት ገበያ ነው። መቆየት ሥርዓት ይፈልጋል። ዕድሜ ልካቸውን ረቡዕና አርብን የጾሙ፣ ረመዳንን ያላጓደሉ ወላጆቻችን ደግሞ ሥርዓት ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ ያውቃሉ። የእኔ ግምት፣ ከሐኪም አፍ «ስኳርዎ ከፍ ብሏል» የሚለውን የሰማ ሰው ምክንያቱም ከመስታወት የጠነከረ ነው።

ታዲያ ቤተሰቡ ምን ያድርግ? 150 ደቂቃው በቀን ሠላሳ ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያሠራ ነገር ይጨመርበት፤ ወንበር ላይ ደጋግሞ መቀመጥና መነሳትም ይቆጠራል። ሚዛን በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይበቃል። ከወጡ ላይ ዘይቱን፣ ከሻይው ላይ ስኳሩን ቀነስ ማድረግ ለሁሉም ይጠቅማል፤ ለአባት ብቻ የተለየ ሰሃን ከቀረበ ግን ነገሩ ቅጣት ይመስላል። ከሁሉም የሚከብደው «በሞቴ» ነው። እናት በቃኝ ስትል አንዴ አምኖ ማለፍ፣ ጉርሻውንም አንድ ላይ ማቆም ይቻላል።

ጥንቃቄም አለው። በእድሜ የገፋ ሰው ራሱን እያስራበ ከቀነሰ ከስቡ ጋር ጡንቻውም ይሄዳል፤ ስለዚህ ሽሮው፣ ምስሩ፣ እንቁላሉ አይቅርበት። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር። ሳይፈልግ እየከሳ የመጣ ሰው ካለ ደግሞ «ቀጠነ፣ አማረበት» ብሎ ማለፍ ሳይሆን ቶሎ ማስመርመር ነው።

በዚህ ወር አባታችሁ ወይም እናታችሁ «መራመድ ልጀምር» ካሉ፣ «በዚህ እድሜ?» አትበሏቸው። «በስንት ሰዓት እንውጣ?» በሏቸው።